በሰው ዜማ ገንነው በራሳቸው ዜማ የተበተኑት፦ የበርድስ ባንድ ታሪክ

የ1960ዎቹን የአሜሪካ ሙዚቃ የሚወድ ሰው የበርድስን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው በቁራጭ በቁራጩ ነው። አንዱ የቦብ ዲላንን ግጥም በኤሌክትሪክ ጊታር የዘፈኑት ልጆች እነሱ እንደነበሩ ያስታውሳል። የሌላው ጆሮ ላይ የቀረው ከመጽሐፈ መክብብ የተወሰደው ዘፈናቸው ነው። ሦስተኛው ዴቪድ ክሮስቢን ያወቀው በሌላ ባንድ ነውና መነሻው በርድስ መሆኑ ሲነገረው ይገረማል። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ግን ከአንድ ባንድ ዝናና ጠብ የሰፋ ነገር ይታያል። ከ1964 እስከ 1973 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዘለቀው ዕድሜው በርድስ ፎክ ሮክን ለዓለም አስተዋወቀ፣ ለካንትሪ ሮክ መንገድ ጠረገ፣ በመጨረሻም ከመሥራቾቹ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶበት ፈረሰ። የገነነው የሌሎችን ዘፈን በጋራ ድምፅ ስለዘፈነ ነው። የተበተነው ደግሞ እያንዳንዱ አባል የራሱን ዘፈን ይዞ ሲመጣ ያን ፍላጎት የሚያስተናግድበት የጋራ ደንብ ስላልነበረው ነው። ጠባይ፣ ገንዘብ፣ ዕፅና ፍርሃት ድርሻ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ሁሉም የገቡት ግን በዚያው ቀዳዳ ነው።

ከ1964 በፊት፦ ባለቤት የሌለው ዘፈን

ፎክ አሜሪካኖች ለሕዝብ ዘፈን የሰጡት ስም ነው። ገበሬው፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ መርከበኛውና በባርነት የኖረው ጥቁር ሕዝብ ያወረሱት፣ ማን እንደደረሰው በአብዛኛው የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ግጥሙም ዜማውም የሚለዋወጥ ዘፈን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የኮሌጅ ወጣቶች ይህን ቅርስ እንደ አዲስ አነሡት። በየከተማው ትናንሽ ቡና ቤቶች ተከፈቱ፤ ወጣቱ የእንጨት ጊታርና ባንጆ ይዞ የአያቶቹን ዘፈን ለእኩዮቹ ያሰማ ጀመር። በዚህ ዓለም ዘፋኝ የሚመዘነው አዲስ ዘፈን በመድረስ አልነበረም፤ አሮጌውን ሳያበላሽና ሳያሳንስ ለአዲስ ጆሮ በማድረስ ነበር። ዘፈኑ የሁሉም ነው፣ የዘፋኙ ድርሻ አደራ ጠባቂነት ነው። ይህን እምነት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የበርድስ ኃይልም በኋላ የገጠመው መከራም ከዚህ ይነሣልና።

ባንዱን የመሠረቱት አምስት ወጣቶች ወደዚህ ሙዚቃ የመጡት በተለያየ በር ነው። በኋላ ሮጀር የተባለው ጂም ማክጊን የቺካጎ ልጅ ነው፤ በዚያ ከተማ በ1957 በተከፈተው የፎክ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ባንጆና ባለ 12 ክር ጊታር ተምሯል፣ ለታወቁ የፎክ ቡድኖች አጃቢ ሆኖም ሠርቷል። ጂን ክላርክ ከሚዙሪ ገጠር ወጥቶ ኒው ክሪስቲ ሚንስትረልስ በሚባል ትልቅ የዘፋኞች ስብስብ ውስጥ ነበር። የሎስ አንጀለሱ ዴቪድ ክሮስቢ በሌላው ሰው ዜማ ላይ ያልተጠበቀ ድምፅ መደረብ የሚችል ብርቅ ጉሮሮ ነበረው። ክሪስ ሂልማን ማንዶሊን ተጫዋች ነው፤ ያደገበትም ሙዚቃ ብሉግራስ የሚባለው የተራራው አገር ፈጣን ጨዋታ ነው። አምስተኛው ማይክል ክላርክ ከጂን ጋር ዝምድና የለውም። ለድራም የተመረጠውም ከችሎታው ይልቅ በመልኩና በፀጉሩ እንደነበር ጓደኞቹ ሸሽገው አያውቁም። እነዚህ ሰዎች አብሮ አደጎች አልነበሩም። የጋራ ሰፈርም የጋራ ትምህርት ቤትም የላቸውም፤ የሚያገናኛቸው የሰው ዘፈን አሳምሮ የማቅረብ ልምድ ነበር።

1964፦ የሌሊቱ ልምምድ

በየካቲት 1964 ቢትልስ አሜሪካ ሲገቡ አብዛኛው የፎክ ሰው ለሕፃናት የሚሆን ጩኸት ነው ብሎ ናቃቸው። ማክጊን ግን በቢትልስ ዜማዎች ውስጥ የፎክን የድምፅ አካሄድ ሰማ፤ በእንጨት ጊታሩም ዘፈኖቻቸውን በፎክ መድረክ ላይ ይጫወት ጀመር። አድማጩ ፊቱን አዞረበት። በሎስ አንጀለሱ ትሩባዱር ክለብ የሰማው ጂን ክላርክ ግን ነገሩ ገባውና አብረን እንሥራ አለው። ሁለቱ ሲያንጎራጉሩ ክሮስቢ ሳይጠሩት ሦስተኛውን ድምፅ ደረበ። ሂልማንና ማይክል ተከተሉ። በዚያው ዓመት የወጣውን የቢትልስ ፊልም ሲያዩ ጆርጅ ሃሪሰን የያዘው ባለ 12 ክር ሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር የማክጊንን ዓይን ሳበው፤ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ገዛ። የባንዱ ድምፅ ግማሹ በዚያ ግዢ ተወሰነ።

ሌላውን ግማሽ የወሰነው ሥራ አስኪያጃቸው ጂም ዲክሰን ነው። ዲክሰን ወርልድ ፓሲፊክ በሚባል ስቱዲዮ ሌሊት ሌሊት በነፃ እንዲለማመዱ ፈቃድ አገኘላቸው። በመጀመሪያ ሙሉ መሣሪያ ስላልነበራቸው ማይክል የሚደልቀው የካርቶን ሳጥን ነበር። ትልቁ ጥቅም ግን ቴፑ ነው። የዘፈኑትን እየቀዱ ወዲያው መልሰው ይሰሙ ነበር፤ ስሕተቱ ሳይሸፋፈን ጆሯቸው ላይ ይመጣል። በዚህ መንገድ የማክጊንና የጂን ድምፅ አንዱን ዜማ እኩል ሲዘፍን ክሮስቢ ከላይ በነፃ የሚዞርበት አሠራር ተወለደ። አድማጭ አራት አምስት ድምፅ የሰማ ይመስለዋል፤ መሠረቱ ግን ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሰው መዝፈናቸው ነው። በኅዳር 1964 ኮሎምቢያ ኩባንያ አስፈረማቸው፤ ለውሳኔው የጃዙ ሊቅ ማይልስ ዴቪስ የሰጠው ድጋፍ ረድቷቸዋል። በዚያው ወር ስማቸውን ወፎች የሚል ትርጉም ባለው ቃል ሰየሙት፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ለውጠውበት።

1965፦ ሁለት ዘፈን፣ ሁለት ድል

ዲክሰን ከቦብ ዲላን ወገን ገና ለገበያ ያልዋለ ዘፈን አመጣላቸው፤ ሚስተር ታምበሪን ማን ይባላል። ልጆቹ መጀመሪያ አልወደዱትም። ረዥም ነው፣ ግጥሙ ይበዛል፣ ለዳንስ አይመችም። የሠሩት ሥራ የፎክ ሮክን ጥበብ ባጭሩ ያሳያል። ከአራቱ አንጓ አንዱን ብቻ አስቀሩ፣ ምቱን ለጭፈራ ወደሚመች አራት ቆጠራ ቀየሩት፣ በመግቢያው ላይ የ12 ክሩን ጊታር አስቀደሙ። በስቱዲዮ ደግሞ የጊታሩ ድምፅ ኮምፕሬሰር በሚባል መሣሪያ ውስጥ አለፈ፤ ተመትቶ ቶሎ የሚሞተው የክር ድምፅ እንዲረዝምና እንዲያብረቀርቅ ያደረገው ይህ ነው። ዲላን ልምምዳቸውን መጥቶ ሲሰማ የራሱ ዘፈን የሚያስጨፍር መሆኑን ገና ያን ጊዜ አወቀ። ሸክላው በሚያዝያ 1965 ወጣ፤ በሰኔ በአሜሪካ፣ በሐምሌ በብሪታንያ አንደኛ ሆነ። ዲላን ራሱ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫልን ያወከው ከዚህ በኋላ፣ በሐምሌ 1965 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። በዚያ ሸክላ ላይ ከማክጊን በቀር የባንዱ አባላት መሣሪያ አልተጫወቱም፤ ኩባንያው የቀጠራቸው የስቱዲዮ ባለሙያዎች ናቸው የተጫወቱት። ታዲያ ይህ የባንድ ሥራ ነውን? እውነታው ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። ባለሙያዎቹ በዚያ ዘመን በመቶ የሚቆጠሩ ሸክላዎችን አጅበዋል፤ አንዱም እንዲህ አይሰማም። ዘፈኑን ልዩ ያደረጉት የ12 ክሩ ጊታርና ሦስቱ ድምፆች ናቸው፤ ሁለቱም የባንዱ ናቸው። በኋላ የተከተሉትን ዘፈኖች ልጆቹ ራሳቸው ተጫውተዋል፤ ያው ድምፅ እንዳለ ነው። ፎክ ሮክን የፈጠሩት እነሱ ብቻ ናቸው ማለትም ስሕተት ነው፤ የእንግሊዙ አኒማልስ በ1964 አንድ የቆየ የሕዝብ ዘፈን በኤሌክትሪክ ሠርቶ አንደኛ ወጥቷል። ልዩነቱ የአኒማልስ ሥራ አንድ ዘፈን መሆኑ ነው፤ በርድስ ያመጣው ግን ማንኛውንም የፎክ ዘፈን ሊያስተናግድ የሚችል አሠራር ነበር።

ያን በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጡት ዘፈን አረጋገጡት። ፒት ሲገር የመክብብን ምዕራፍ ሦስት፣ ለሁሉ ዘመን አለው የሚለውን ቃል፣ ወደ ዜማ የቀየረው ከዓመታት በፊት ነበር፤ ከራሱ የጨመረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ማክጊን ይህን ዘፈን በ1963 ለጁዲ ኮሊንስ አልበም አቀናብሮት ስለነበር ጓዳ ጎድጓዳውን ያውቀዋል። በርድስ ተርን ተርን ተርን የሚለውን ዘፈን በ1965 መጨረሻ አወጡ፤ የቬትናም ጦርነት እየተጋጋመ በነበረበት በታኅሣሥ እንደገና አንደኛ ሆኑ። ቃሉ የጠቢቡ፣ ዜማው የሲገር፣ ድምፁ የአምስት ወጣቶች ነው። የእኔ የሚል የለበትም፤ ከዚያ ዓመት ሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የነሱ የሆነውም እሱ ነው። በሌላ ዘፈናቸው የዌልስን ማዕድን ቆፋሪዎች የሚመለከት ግጥም ወስደው ሲዘፍኑ የማክጊን ጊታር አካሄድ ጆርጅ ሃሪሰንን ማረከው፤ ሃሪሰንም ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ዘፈን ሠራ። ከቢትልስ የተወሰደ ጊታር ወደ ቢትልስ ተመለሰ። የተዋሱትን አበልጽጎ መመለስ የፎክ ሕግ ነበርና።

1966፦ የሸክላው ጀርባ

ስንጥቁ ግን ድሉ በደመቀበት በ1965 ጀምሯል። ሸክላ ሁለት ገጽ አለው። በፊተኛው ገጽ ሬዲዮ የሚያጫውተው ዘፈን አለ፤ በጀርባው ሌላ። በ1909 በወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ዘፈን በየሸክላው የሚከፈለው ድርሻ 2 ሳንቲም ነበር፤ ሕጉ የፊትና የጀርባ ልዩነት አያውቅም። አንድ ሚሊዮን ሸክላ ቢሸጥ፣ ማንም ያላስተዋለው የጀርባ ዘፈን እንደ ፊተኛው 20,000 ዶላር ያስገኛል፤ ደራሲው ከአሳታሚው ጋር ይካፈለዋል። ለዘፋኝነት የሚከፈለው ግን ለአምስት የሚከፈልና ወጪ ተቀንሶ የሚደርስ ነው። የበርድስ የመጀመሪያ ሦስት የኮሎምቢያ ነጠላ ሸክላዎች ፊታቸው የዲላንና የሲገር ነው፤ ጀርባቸው ግን ሦስቱም የጂን ክላርክ ናቸው። የመጀመሪያው አልበም ካሉት 12 ዘፈኖች 4ቱ የዲላን ሲሆኑ 5ቱ ጂን ብቻውን ወይም ከማክጊን ጋር የደረሳቸው ናቸው። ስለዚህ አምስት ሰው እኩል በሠራው ሥራ አንዱ ከአራቱ በግልጽ የሚበልጥ ገንዘብ ያገኝ ጀመር።

ማንም አላጭበረበረም። ጂን ጽፏል፣ ሕጉም የጸሐፊውን ድርሻ ሰጥቶታል። ዘፈኖቹም ጥሩ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ቶም ፔቲ በ1989 መልሶ የዘፈነው ይገኝበታል። ችግሩ ሁለት ዓለም በአንድ ባንድ ውስጥ መጋጨቱ ነው። ልጆቹ ያደጉበት የፎክ ዓለም ዘፈን የሁሉም ነው ይላል፤ የገቡበት የሸክላ ንግድ ደግሞ ዘፈን የጻፈው ሰው ንብረት ነው ይላል። አብሮ የሚዘፍነው፣ የሚያቀናብረው፣ ጊታሩን የሚያስጮኸው ሰው ሥራ በንግዱ ዓይን ድርሰት አይደለም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ መጻፍ የማይችለው ሰው መጻፍ ይጀምራል፣ የሚጽፈው ደግሞ ቦታ እንዲሰጠው ይታገላል። በአልበሙ ላይ ያለው ቦታ ግን አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዘፈን ነው፤ አይለጠጥም።

የጂን መውጣት በዚህ ላይ መጣ። በ1966 መጀመሪያ ባንዱ ወደ ኒውዮርክ ሊበር ሲል ጂን በፍርሃት ተይዞ ከአውሮፕላን ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ከባንዱ ወጣ። ብዙ ተራኪዎች ታሪኩን በአውሮፕላን ፍርሃት ይዘጉታል። ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ሲፈራ ጓደኞቹ ያግባቡታል፣ ጉዞ ያስተካክሉለታል፣ ይጠብቁታል። በበርድስ ቤት የጠበቀው አልነበረም። በገንዘብ የተነሣ የከረመው ቅሬታ ትዕግሥቱን አስቀድሞ በልቶት ነበር። የሚያሳዝነው በዚያው ሰሞን ኤይት ማይልስ ሃይ የሚለውን ዘፈን መሥራታቸው ነው። ወደ ለንደን ካደረጉት በረራ የተነሣው ይህ ዘፈን ላይ የማክጊን ጊታር የጆን ኮልትሬንን ሳክስፎን ይከተላል፤ የራቪ ሻንካር የህንድ ሙዚቃም ተጽዕኖ አለበት። ለሬዲዮ ጣቢያዎች የሚደርስ አንድ የንግድ መጽሔት ስለ ዕፅ ነው የሚያወራው ብሎ ስለጻፈ ብዙ ጣቢያዎች አቆሙት፤ ከ14ኛ ደረጃ አላለፈም። በደራሲነት የተመዘገቡት ሦስት ናቸው፦ ጂን፣ ማክጊንና ክሮስቢ። ስለዚህ የራስ ዘፈን በራሱ ባንድ ያፈርሳል የሚል ክርክር የለኝም። አብረው ሲጽፉ ከዘመኑ የቀደመ ሥራ ሠርተዋል። ያፈረሳቸው አብሮ የመጻፍን ልማድ ደንብ ሳያደርጉት መቅረታቸው ነው።

1967፦ የክሮስቢ መባረር

ጂን ሲወጣ የለቀቀው ቦታ ለሦስት ጸሐፊዎች ተከፈተ። በየካቲት 1967 በወጣው አልበም ዝምተኛው ሂልማን ሳይታሰብ ደራሲ ሆኖ ብቅ አለ። የቀሰቀሰው ከደቡብ አፍሪካ ተሰደው አሜሪካ ከገቡ ሙዚቀኞች ጋር ስቱዲዮ ውስጥ መሥራቱ ነው፤ ከነሱ አንዱ ሂው ማሴኬላ በአልበሙ መክፈቻ ዘፈን ላይ መለከቱን ነፍቶላቸዋል። ለጥቂት ወራት ሦስት እኩል ጸሐፊዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ መሰለ። ክሮስቢ ግን በዲላን ዘፈን መቀጠል አንገፍግፎት ነበር። የሌላ ሰው ዘፈን መዝፈን ለእሱ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ለማክጊን ደግሞ የባንዱ መሠረት። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ባንዱ በዲላን ዘፈን ተወልዷልና ማክጊን ልክ ነው፤ ክሮስቢም በዚያ ዕድሜው ከጻፋቸው አንዳንዶቹ ማንም ሰው ሊኮራባቸው የሚገቡ ነበሩ።

በሰኔ 1967 በሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ ክሮስቢ በዘፈን መሀል ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ንግግር አደረገ፤ በማግሥቱ ደግሞ ተቀናቃኝ ከሚባለው ከቡፋሎ ስፕሪንግፊልድ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ማክጊንና ሂልማን ውስጣቸው ቆሰለ። ወሳኙ ጠብ ግን የተነሣው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ክሮስቢ ስለ ሦስት ሰዎች ፍቅር የጻፈው ዘፈን አልበሙ ውስጥ ይግባ አለ፤ ሌሎቹ ጎፊንና ኪንግ የተባሉ የታወቁ ደራስያን የጻፉትን መረጡ። እሱ በዚያ ላይ ለመዝፈን እንኳ አልፈለገም። በጥቅምት ማክጊንና ሂልማን ቤቱ ድረስ መኪና ነድተው ሄደው አሰናበቱት። የክሮስቢ ጠባይ ነው ምክንያቱ የሚሉ አሉ፤ ራሱም በኋለኛ ዘመኑ አስቸጋሪ እንደነበረ አልካደም። ሆኖም የመጨረሻው ክርክር ምን ላይ እንደነበረ ልብ እንበል፦ የማን ዘፈን ይግባ በሚል ነው። ከዚያ ወጥቶ ከስቲቨን ስቲልስና ከግራሃም ናሽ ጋር የመሠረተው ቡድን ስሙ የሦስቱ ሰዎች ስም ተደርድሮ ነው። ስሙ ራሱ ውል ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ዘፈን ይዞ መጥቶ ሲፈልግ ይዞት እንዲሄድ። ክሮስቢ ከበርድስ የተማረው ይህን ነው።

1968፦ ወደ ናሽቪል

ክሮስቢ በመሀል የተለየበት አልበም በጥር 1968 ወጣ፤ ዛሬ ብዙ ሐያሲዎች የባንዱ ምርጥ ሥራ ይሉታል። በዚያ ጊዜ ማይክልም ሄዷል። መበተን መጥፎ ከሆነ ምርጥ አልበማቸው እንዴት በመበተን ውስጥ ተወለደ የሚል ይኖራል። መልሱ የቀሩት ሁለቱ በእጃቸው ያለውን ሁሉ፣ የሄደውን ሰው ድምፅና ድርሰት ጭምር፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ እንደ ጋራ ሀብት አቀናብረው መጠቀማቸው ነው። አልበሙ የጋራው አሠራር የመጨረሻ ፍሬ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚዋሐድ የድሮ ድምፅ አልነበረም።

አዲስ የመጣው ግራም ፓርሰንስ ወጣት፣ ቀልብ የሚስብ፣ የካንትሪ ሙዚቃ ፍቅር ያቃጠለው ሰው ነበር። ማክጊን ያሰበው የአሜሪካን ሙዚቃ ከጥንቱ እስከ ኤሌክትሮኒክስ የሚተርክ ሁለት ሸክላ ነበር፤ ፓርሰንስ ግን በሂልማን ድጋፍ ባንዱን ወደ ናሽቪል ይዞት ሄደ። በመጋቢት 1968 የካንትሪ መቅደስ በሚባለው ግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ላይ ወጡ፤ ረዥም ፀጉር ያላቸውን የሮክ ልጆች ታዳሚው በቅዝቃዜ ተቀበላቸው። ሁለተኛው ዘፈን የመርል ሃጋርድ እንዲሆን ከአዘጋጆቹ ጋር ተስማምተው ነበር። ፓርሰንስ ለማንም ሳይናገር የራሱን ድርሰት አስታውቆ ዘፈነ፤ አዘጋጆቹ ተቆጡ። የባንዱ ታሪክ በአንድ ምሽት ታጥፎ የሚታየው እዚህ ነው። የተስማሙበት የሌላ ሰው ዘፈን ቀርቶ ያልተመከረበት የራስ ዘፈን ተተካ፤ ባልደረቦቹ ከኋላው እያጀቡ ተከተሉት።

በሐምሌ ባንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ሲል ፓርሰንስ ለአፓርታይድ ምድር አልዘፍንም ብሎ ለንደን ላይ ተለያቸው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር ወይ በሚለው የቀድሞ ጓደኞቹ አይስማሙም፤ ሂልማን ከሮሊንግ ስቶንስ ሰዎች ጋር መቆየት ስለፈለገ ነው ብሎ ያምን ነበር። የልቡ ምንም ይሁን፣ የያዘው አቋም ትክክለኛው ነበር። በርድስ ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዲገባ ቃል ተገብቶልናል ብለው ሄዱ፤ የጠበቃቸው ግን በዘር የተለየ ታዳሚ ነበር። የማሴኬላን መለከት ያስቀዳ ባንድ ማሴኬላ በተሰደደበት አገር ለነጭ ብቻ በተከፈተ አዳራሽ መጫወቱ ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳፍረው ገጽ ነው። ስዊትኸርት ኦቭ ዘ ሮዲዮ የሚለው የካንትሪ አልበማቸው በነሐሴ ወጥቶ ከ77ኛ ደረጃ አላለፈም፤ የሮክ አድማጩ አሮጌ ነው አለው፣ የካንትሪው አድማጭ እንግዳ ነው አለው። የኋላ ኋላ ግን ኢግልስን የመሳሰሉ ባንዶች በሚሊዮን የሸጡበት መንገድ በዚህ አልበም የተጠረገ ነው። ከመሥራቾቹ ሁለተኛ ሆኖ የቀረው ሂልማንም በዚያው ዓመት ወጥቶ ከፓርሰንስ ጋር ፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስን መሠረተ።

ከ1969 እስከ 1973፦ ስሙን የያዘው ሰው

ማክጊን ብቻውን ቀረ። የቀጠራቸው ሰዎች ደካሞች አልነበሩም። ጊታሪስቱ ክላረንስ ዋይት በችሎታ ከማንኛውም የቀድሞ አባል ይበልጥ ነበር፤ በመድረክ ላይ ይህኛው በርድስ ከመጀመሪያው የተሻለ ይጫወት እንደነበር ብዙዎች መስክረዋል። ታዲያ ባንዱ የተበተነው በ1967 ነው ማለት ትክክል ነውን? ዕድሜ ብቻ ከሆነ መለኪያው አይደለም፤ ባንዱ እስከ 1973 ኖሯል። ነገር ግን በርድስን በርድስ ያደረገው የሦስት ድምፅ ውሕደት ከክሮስቢ ጋር ሄዷል፤ የቀረው ጥሩ ባንድና ታዋቂ ስም ነው። የጋራ ባለቤትነት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በ1971 ታየ። ባንዱ ለኮንሰርት ጉዞ ላይ ሳለ ፕሮዲውሰሩ በተቀዳው አልበም ላይ ቫዮሊንና የመዘምራን ድምፅ ሳያማክራቸው ደረበበት፤ ተመልሰው ሲሰሙት ደነገጡ። ሥራው የሁሉም በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ያለ ጠብ ባላለፈ ነበር።

በ1973 መጀመሪያ ማክጊን ይህን ባንድ በተነ፤ አምስቱ መሥራቾች እንደገና ተገናኝተው የሠሩት አልበምም በዚያው ሰሞን ወጣ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ግን እያንዳንዱ የየራሱን ዘፈን በልክ ተካፍሎ አመጣ፤ ለጸጥታ ሲባል ማንም የማንንም አልነካም። የ12 ክሩ ጊታር መኖሩ እንኳ የማይሰማ ሆነ። ሐያሲዎች አልተደሰቱም፤ ከአንድ ባንድ ይልቅ የአራት ሰዎች ሥራ በአንድ ሽፋን የተጠቀለለ መሰላቸው። ይህ አልበም ለክርክሬ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ችሎታቸው አድጓል፣ ጠቡም ለጊዜው ጋብ ብሏል፤ የጎደለው አንዱ የሌላውን ዘፈን እንደ ራሱ መውሰዱ ብቻ ነው። ያ ዓመት በሌላም መንገድ ከበደ፦ በሐምሌ ክላረንስ ዋይትን ሰክሮ የሚነዳ ሰው በመኪና ገጭቶ ገደለው፤ በመስከረም ግራም ፓርሰንስ በ26 ዓመቱ አረፈ።

ከ1973 በኋላ፦ የስሙ ክርክርና የዘፈኑ ዕጣ

ዘፈን የማን ነው የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ስሙ የማን ነው ወደሚል ተለወጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማይክል ክላርክ በርድስ በሚል ስም ኮንሰርት ሲያሳይ ማክጊን፣ ክሮስቢና ሂልማን ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተሸነፉም። ክርክሩ በነበረበት ዘመን በጥር 1991 በኒውዮርክ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር ማኅደር ሲገቡ ግን አምስቱም አንድ መድረክ ላይ ቆመው የድሮ ዘፈኖቻቸውን ዘፈኑ። ያ የመጨረሻቸው ሆነ። ጂን ክላርክ በዚያው ዓመት በግንቦት በ46 ዓመቱ፣ ማይክል በ1993፣ ክሮስቢ በ2023 አርፈዋል።

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ነበረ፤ ያሳዩትም የራሳቸው ወራሾች ናቸው። በ1980 በጆርጂያ ግዛት የተመሠረተው አር ኢ ኤም የበርድስን የሚያብረቀርቅ ጊታር ወርሷል፤ ከመጀመሪያው ግን አንድ ነገር ለይቶ ደነገገ፦ ማንም ጻፈው ማን ዘፈኑ የአራቱም ተብሎ ይመዘገባል። አራት ሰዎች እኩል ተካፍለው ለዓመታት ሠሩ፤ ድራመሩ በ1997 ሲወጣ በሰላም ወጣ፣ ባንዱም በ2011 በሰላም ሥራውን ዘጋ። ደንቡ ብቻውን ሰላም አመጣ ማለት ድፍረት ይሆናል። ነገር ግን በርድስን አስቀድሞ የቦረቦረው ጥያቄ፣ የጀርባውን ዘፈን ማን ይውሰደው የሚለው፣ በዚያ ቤት ሊነሣ አልቻለም።

ማክጊን ደግሞ ከ1995 ጀምሮ በየወሩ አንድ የቆየ የሕዝብ ዘፈን በእንጨት ጊታርና በባንጆ እየቀዳ ለማንም ሰው በነፃ ያቀርባል። መርከበኞች ገመድ ሲስቡ፣ እናቶች ልጅ ሲያስተኙ፣ ባሮች ነፃነት ሲናፍቁ የዘፈኗቸው ናቸው። በቺካጎ ትምህርት ቤት በወጣትነቱ ከተማራቸው ውስጥ ብዙዎቹ እዚያ አሉ። ደራሲያቸው የማይታወቅ ስለሆነ የሚጣላባቸው የለም፤ የሚያስፈልጋቸው የሚዘፍናቸው ሰው ብቻ ነው።